ዱኖሊ፦ ወርቅ በጆሮ የሚፈለግባት ከተማ

በአዲስ አበባ የአንድ ትልቅ ሆቴል ወይም የገበያ ማዕከል በር ላይ ስትደርሱ ጥበቃው በእጁ የያዛትን መፈተሻ በወገባችሁ ዙሪያ ያዞራታል። «ጢጥ» ስትል «ቁልፍ ነው» ትሉታላችሁ፤ እሱም ራሱን ነቅንቆ ያሳልፋችኋል። ያቺ መሣሪያ የምትመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ አለ ወይስ የለም? ከሜልቦርን በስተሰሜን ምዕራብ፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ርቃ በምትገኘው ዱኖሊ ግን የዚያችው መሣሪያ ታላቅ እህት ከዚህ የከበደ ጥያቄ ትጠየቃለች። መሬት ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ምን ያህል ጥልቅ ነው? ጎንበስ ብሎ መቆፈር ያዋጣል? መልሱን የሚሰጠው ደግሞ መሣሪያው ሳይሆን የያዘው ሰው ጆሮ ነው።

ዘመድ ለመጠየቅ ሜልቦርን የሄዳችሁ እንደሆነ መነሻችሁ ፉትስክሬይ ሊሆን ይችላል። የሐበሻ ምግብ ቤቶችና የቡና ሽታ የማይጠፋበት የምዕራብ ሜልቦርን ሰፈር ነው። ከዚያ በማለዳ ተነስታችሁ ወደ ባላራት የሚወስደውን አውራ ጎዳና ትይዛላችሁ፤ ባላራት ላይ ወደ ሰሜን ታጥፋችሁ ሜሪቦሮን ካለፋችሁ ዱኖሊ ትደርሳላችሁ። ከተማዋ በአንድ ሰፊ ጎዳና ግራና ቀኝ የተሠራች ናት። ጎዳናው ብሮድዌይ ይባላል፤ ስሙ ከመንገደኛው ብዛት ጋር አይመጣጠንም። በረንዳ ያላቸው አሮጌ የጡብ ቤቶች፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ ሙዚየም፣ ከዚያ ጫካ።

ጫካው ውስጥ ስትገቡ አፍንጫችሁ «እንጦጦ ነው» ይላችኋል። አይሳሳትም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ ይህ አህጉር ነው። የዱኖሊው ዝርያ ግን ከእኛው ይለያል። ቅርፊቱ ጥቁርና እንደታረሰ ማሳ የተተለተለ ሲሆን እንጨቱ ደግሞ መጥረቢያ ያደነዝዛል፤ የእንግሊዝኛ ስሙም «የብረት ቅርፊት» እንደማለት ነው። ከሥሩ ያለው አፈር ቀይ ነው፤ በላዩ ላይ ነጭ የኳርትዝ ጠጠር ተበትኖበታል። ይህን ቀይነት አስታውሱልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ችግር የሚመጣው ከእሱ ነው።

በቪክቶሪያ ግዛት ወርቅ ተገኘ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። ከእንግሊዝ፣ ከአየርላንድ፣ ከቻይና፣ ከአሜሪካ ሰው ጎረፈ። እ.ኤ.አ. የካቲት 5 ቀን 1869 ደግሞ ጆን ዲሰንና ሪቻርድ ኦትስ የተባሉ ሁለት የኮርንዎል ሰዎች፣ ከዱኖሊ ብዙም በማትርቀው ሞሊያጉል፣ የዛፍ ሥር አጠገብ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ቆፍረው እስከ ዛሬ ከተገኙት ሁሉ ትልቁ የሚባለውን የወርቅ ቋጥኝ አገኙ። «ዌልካም ስትሬንጀር» ይባላል። ንጹሕ ወርቁ ብቻ ከ70 ኪሎ በላይ ነበር። ዱኖሊ ሲያደርሱት የሚችለው ሚዛን ስላልነበረ አንጥረኛ ጋ ወስደው በሰንደል ላይ ቆራረጡት። ዋናው ወርቅ ቀልጧል፤ ሙዚየሙ ውስጥ የምታዩት አምሳያውን ነው። ልጆቻችሁን ከአጠገቡ አቁማችሁ ፎቶ ብታነሱ፣ በሁለት እጅ የማይታቀፍ ነገር መሆኑ ይገባቸዋል።

ያን ጊዜ ፈላጊው የሚመካው በዓይኑና በዶማው ነበር። ዘመናዊው መሣሪያ ከመጣ በኋላ ግን ያለቀ የተባለው መሬት እንደገና ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1980 ከዚሁ አካባቢ፣ ኪንጋወር በምትባል መንደር፣ 27 ኪሎ የሚመዝን ወርቅ በዲቴክተር ተገኝቶ ላስ ቬጋስ ለሚገኝ የቁማር ቤት ተሸጧል። ሰው ዛሬም ቅዳሜና እሑድ እየመጣ ጫካውን የሚያስሰው ይህን ወሬ ይዞ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛው ሰው ይዞ የሚመለሰው ምስማር ነው።

አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። በዘንጉ ጫፍ ያለው ክብ ሰሃን ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። በሽቦው ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ወደ መሬቱ ማግኔታዊ መስክ ይዘረጋል። መስኩ ከወርቅ፣ ከመዳብ ወይም ከብረት ጋር ሲገናኝ በዚያ ቁራጭ ውስጥ ትናንሽ የኤሌክትሪክ አዙሪቶች ይፈጠራሉ፤ እነሱም ደካማ ምላሽ ይልካሉ። መሣሪያው ምላሹን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ችግሩ፣ ያ ቀይ አፈር ራሱ በብረት ማዕድን የተሞላ በመሆኑ እሱም ይመልሳል። የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ጥሩ የሚሠራው ተራ ዲቴክተር እዚህ ሲመጣ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ስለዚህ የአገሩ ሰዎች የሚይዙት በአጭር በአጭር ምት ኃይል ልኮ፣ ዝም ብሎ፣ የቀረውን ማስተጋቢያ የሚያዳምጠውን ዓይነት ነው። በአደሌድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተው ማይንላብ የታወቀው በዚህ ነው። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ቀዩን አፈር ይቋቋማል፤ በአንጻሩ «ይህ ወርቅ ነው፣ ያ ቆርቆሮ ነው» የሚል አስተማማኝ ቁጥር አይሰጣችሁም። የሚሰጣችሁ ድምፅ ነው።

እኔን ወደ ጫካው የወሰዱኝ የአክስቴ ልጅና የ14 ዓመት ወንድ ልጁ ናቸው። አባት በሜልቦርን ታክሲ ይነዳል፤ ላለፉት ሦስት ዓመታት በወር አንድ ቅዳሜ ታክሲውን አቁሞ ከልጁ ጋር ዱኖሊ ይውላል። ሁለቱም ብዙ አያወሩም። ሄድፎኑን የሚያጠልቀው አንዱ ነው፤ ሌላው ዶማ ይዞ ይከተላል፤ በሰዓት ይቀያየራሉ።

ሄድፎኑን መጀመሪያ ሳጠልቅ የሰማሁት አንድ የማያቋርጥ ቀጭን እምምታ ነው። የመሣሪያው መነሻ ድምፅ ነው፤ ሰሃኑ ስር ምንም በሌለበትም ይሰማል። «አክስቴ፣ እሱን ነው የምትሰሚው» አለኝ ልጁ። «ጩኸቱን አትጠብቂ። እሱ ሲሰበር ነው።» ጥልቅ ያለ ትንሽ ወርቅ አይጮህም። እምምታውን በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል፣ ወይ ለቅጽበት ይውጠዋል፤ ጩኸት የሚጠብቅ ሰው ረግጦት ያልፋል።

ይህን ለማስረዳት አባትየው የጠቀሰው ጀሪካን ነው። ውኃ የሚመጣው ሌሊት በሆነበት ቤት ያደገ ሰው፣ በቧንቧ ስር የተቀመጠ ጀሪካን ሊሞላ ሲል ድምፁ እየቀጠነ እንደሚሄድ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ከአልጋው ሳይነሳ «ሊፈስ ነው» ይላል። ማንም አላስተማረውም፤ ሺህ ጊዜ ሰምቶት ነው። ዲቴክተርም እንዲሁ ነው ይላል፤ ልዩነቱ እዚህ እያንዳንዱን ድምፅ ቆፍሮ ምን እንደነበረ ማየት የግድ መሆኑ ነው። ሰምቶ ያልቆፈረ ሰው አልተማረም።

ለጀማሪ የሚነገረው ነገር ብዙ ነው፤ እኔ ጆሮዬ ላይ የቀረውን ልንገራችሁ። ሰሃኑን መሬት እንደሚጠርግ መጥረጊያ ዝቅ አድርጋችሁ በዝግታ ታንቀሳቅሳላችሁ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ወደ ላይ መነሳት የለበትም። ድምፅ ስትሰሙ ቆማችሁ ከዚያው በላይ ደጋግማችሁ ታልፋላችሁ። የእውነት ከሆነ ይደጋገማል። ከዚያ 90 ዲግሪ ዞራችሁ ከሌላ አቅጣጫ ትሞክራላችሁ። ምስማር እዚህ ላይ ይጋለጣል፤ በርዝመቱ ስታልፉ አንድ ዓይነት፣ በጎኑ ስታልፉ ሌላ ዓይነት ወይም ሁለት ሆኖ የተሰበረ ድምፅ ይሰጣል። ሽቦ ረጅምና የሚጎተት ነው። ብረት የበዛበት ድንጋይ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ጥሩ ወርቅ መስሎ ይጠራችሁና ሰሃኑን አንድ መዳፍ ያህል ከፍ ስታደርጉ በድንገት ይጠፋል። የእውነተኛው ዒላማ ድምፅ ግን ቀስ በቀስ ነው የሚደክመው። ትንሽና ለላይኛው አፈር የቀረበ ወርቅ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል፤ ትልቅና ጥልቅ የሆነው ዝቅ ብሎ ከፍ ይላል። ይህን ሰምታችሁ ግን በፍጥነት ደስ አይበላችሁ፤ አዳኞችና ወርቅ ፈላጊዎች ለ170 ዓመት የተኮሱት የእርሳስ አረር ልክ እንደ ወርቅ ነው የሚዘምረው።

ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሰው «አረር ካገኘህ ደስ ይበልህ» የሚለው። አረር የሰማ ጆሮ ወርቅም ይሰማል።

ከሰዓት በኋላ፣ ደርቆ በቀረ ትንሽ ጅረት ዳር፣ አባትና ልጅ በአንድ ድምፅ ላይ አልተስማሙም። አባት አዳመጠና «ድንጋይ ነው፣ እንሂድ» አለ። ልጁ ሄድፎኑን ተቀብሎ ከአራት አቅጣጫ አለፈበት፤ ሰሃኑን አነሳ፣ ዝቅ አደረገ። «አባ፣ ድንጋይ አይደለም። ብረትም አይደለም» አለ በአማርኛ። ሌላ ጊዜ ከአባቱ ጋር የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው። አባት ሰዓቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ ዶማውን አነሳ። መሬቱ እንደ ሸክላ የጠነከረ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ሲቆፍሩ ድምፁ ጎላ፤ 20 ላይ ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ 25 ላይ ከጉድጓዱ ወጥቶ አፈሩ ክምር ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ያለው ሥራ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። አፈሩን በላስቲክ ማፈሻ ዘግናችሁ በሰሃኑ ላይ ታሳልፋላችሁ፤ ከጮኸ ግማሹን ትጥላላችሁ፤ የቀረውን እንደገና ታሳልፋላችሁ፤ መዳፋችሁ ላይ ጥቂት ጠጠር እስኪቀር። ልጁ መዳፍ ላይ የቀረችው ነጭ ልባስ ያላት ክብ የእርሳስ ጥይት ናት፤ ምናልባት የልጁ ቅድመ አያት ሳይወለድ የተተኮሰች።

ወርቅ አልነበረም። አባትየው ግን ጥይቷን አገላብጦ አይቶ «ትክክል ነህ» አለው። ልጁም ሄድፎኑን ሳይመልስ ወደ ፊት ሄደ።

ሦስት ዓመት የሰበሰቡትን በመኪናው ውስጥ አሳዩኝ። ከመድኃኒት ጠርሙስ ያነሰች ብልቃጥ ናት፤ ውስጧ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ፣ አንዳንዶቹ ከዚያም ያነሱ ቁርጥራጮች አሉ። በጠቅላላው ሰባት ግራም። ለነዳጅ ያወጡት ገንዘብ ከዚህ በላይ ወርቅ ይገዛ ነበር፤ ይህን እነሱም ያውቃሉ። የዚህ አካባቢ ወርቅ ብዙውን ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ ንጹሕ ስለሆነ አንጥረኛ ይወደዋል። ለአንድ ጥንድ ጉትቻ 10 ግራም ይበቃል ብሏቸዋል ፉትስክሬይ ያለው ሠሪ። ጉትቻው የሚሄደው ደሴ ነው። ከ22 ዓመት በፊት አክስቴ የልጇን ጉዞ ወጪ ለመሙላት የሠርግ ጉትቻዋን ሸጣለች። ልጇ ከሱቅ ገዝቶ ሊልክላት ይችል ነበር፤ አንድ ጊዜ ልኮላትም ነበር፤ ለእህቱ ልጅ ሰጠችው። አሁን 81 ዓመቷ ነው። የልጅ ልጇ በስልክ ብቻ ያውቃታል፤ በየወሩ መጨረሻ ደውሎ በተሰባበረ አማርኛው ስንት ግራም እንደደረሰ ይነግራታል። «ሦስት ቀረ» የሚለውን ቃል አጥርቶ ነው የሚናገረው።

ውጭ አገር የምትኖሩና ከልጆቻችሁ ጋር መሞከር የምትፈልጉ ብትኖሩ፣ ጫካው ከመድረሳችሁ በፊት በጓሮ ጀምሩ። እነሱ ያደረጉት እንዲህ ነው። አባት ምስማር፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የለስላሳ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ አረር፣ ሳንቲምና በክር የታሰረ የጋብቻ ቀለበት በተለያየ ጥልቀት ቀበረ፤ ክሩ ቀለበቱ እንዳይጠፋ ነው። የት ምን እንዳለ በወረቀት ጻፈ። ልጁ ወረቀቱን ሳያይ በድምፅ ብቻ ይገምታል፣ በደብተሩ ይመዘግባል፣ ከዚያ ይተያያል። በመጀመሪያው ሳምንት ከ20 ስድስት አገኘ። በሦስተኛው ወር 15። የቆርቆሮ መክፈቻውና ቀለበቱ እስከ ዛሬ ያደናግሩታል፤ በዚህ አያፍርም፣ ቁጥር በሚያሳዩት መሣሪያዎች ላይም ሁለቱ በጣም ተቀራርበው ነው የሚወጡት። ስልካችሁን ከመሣሪያው አርቁ፤ አፍንጫው ብረት ያለው ጫማም አታድርጉ። ዲቴክተሩ የእናንተኑ እግር ሲፈልግ ይውላል።

ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ስሙ «የቆፋሪ መብት» ነው፤ ዋጋው ከአንድ ቤተሰብ ምሳ ያነሰ ሲሆን ለ10 ዓመት ያገለግላል፤ በተፈቀደው የመንግሥት መሬት ላይ ያገኛችሁት ወርቅም የእናንተ ይሆናል። ከዚህች ወረቀት ጀርባ ደም አለ። ቀድሞ ቆፋሪዎች ወርቅ አገኙም አላገኙም በየጊዜው ከባድ የፈቃድ ክፍያ ይጠየቁ ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1854 ባላራት ላይ፣ ዩሬካ በተባለው ምሽግ፣ አመፁ ከወታደር ጋር አጋጫቸውና ከ20 በላይ ቆፋሪዎች ሞቱ። በዓመቱ ያ ክፍያ ቀርቶ ይህ ርካሽ ፈቃድ ከመምረጥ መብት ጋር ተተካ። ዛሬም የሚፈቀደው የእጅ መሣሪያ ብቻ ነው፤ የቆፈራችሁትን ትደፍናላችሁ። በአብዛኞቹ ብሔራዊ ፓርኮች አይቻልም። መሬቱ የጃ ጃ ወሩንግ ሕዝብ አገር ነው፤ የባህል ቅርሳቸው ያለበት ቦታ አይነካም።

ስለ ልጆች አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ጫካው በአሮጌ የማዕድን ጉድጓድ የተሞላ ነው። አንዳንዱ አጥር የለውም፤ ቁጥቋጦ ሸፍኖታል፤ ጥልቀቱ የሕንፃ ያህል ነው። ሄድፎን ያደረገ ልጅ ሲጠሩት አይሰማም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ሰው፣ አንዱ ያለ ሄድፎን። በታኅሣሥና በጥር ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ የጫካ እሳት አለ፣ መርዛማ እባብም ይወጣል። ደግነቱ የእኛ ልጆች የክረምት እረፍት ከእነሱ ቀዝቃዛ ወራት ጋር ይገጥማል፤ ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት አመዳይ ቢጥልም ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻለው ወቅት ነው። ወፍራም ሹራብ ያዙ።

ወደ አገር ቤት ስትመለሱ መሣሪያውን ይዛችሁ ልትገቡ ካሰባችሁ ግን አስቡበት። እኛ ጋ ወርቅ ማውጣት የራሱ ፈቃድ አለው። ጥንታዊ ነገር መፈለግ ደግሞ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። አክሱም ወይም ላሊበላ አካባቢ አንድ ሳንቲም ከአፈር ውስጥ የነቀለ ሰው፣ ሳንቲሟ ከማን ቤት ወለል ላይ እንደወደቀች የሚናገረውን ንብርብር አብሮ አጥፍቷል።

መግዛትም አትቸኩሉ። ጥሩዎቹ መሣሪያዎች ብዙ ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ያስወጣሉ፤ ዕዳ ለመክፈል ብሎ በብድር የገዛ ሰው ሲያጋጥማችሁ ምከሩት። በአካባቢው የሚያከራዩ ሱቆች አሉ፤ ባለሱቁ ግማሽ ሰዓት የሚያስተምራችሁ ከሆነ ኪራዩ ተመልሷል ማለት ነው።

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ዱኖሊን ለሌላ ጊዜ ትታችሁ ባላራት ላይ አርፉ። ሶቨሪን ሂል የተባለው እ.ኤ.አ. በ1970 የተከፈተ የአየር ላይ ሙዚየም የ1850ዎቹን የወርቅ ከተማ ከነፈረሱና ከነአንጥረኛው ያሳያል። እዚያ ልጆች እጅጌያቸውን ሰብስበው ከጅረት ዳር ይንበረከኩና አሸዋ በሰፌድ መሳይ ሳህን ያጥባሉ፤ ያገኟትን የወርቅ ቅንጣት ይዘው መሄድ ይችላሉ። ሲበቃቸው ከሰዓት በኋላ ተነስታችሁ ፉትስክሬይ ለእራት ትደርሳላችሁ። ቅዳሜ ማታ ቦታ ስለማይገኝ አስቀድማችሁ ደውሉ።